ኮምፒውተራችን ምን እየጠበቀ ነው?

ይህ ጽሑፍ በድሬዳዋ፣ ከዚራ ሰፈር፣ በአንድ ቅዳሜ ጠዋት ለመምህራን፣ ለባለሱቆች፣ ለተማሪዎችና ለወላጆች በቃል ያቀረብኩት ንግግር ነው። ተሰብሳቢዎች ካነሷቸው ጥያቄዎች አንዳንዶቹን ከነመልሳቸው አስገብቻለሁ፤ ከዚያ ውጭ በአዳራሹ ውስጥ ከተናገርኩት ብዙም አልለወጥኩም።

የተከበራችሁ እንግዶች፣ ሙቀቱ ሳይበረታ ለመጀመር እንድንችል በጊዜ ስለተገኛችሁ ከልብ አመሰግናለሁ።

ኮምፒውተር በመጠገን ሥራ ላይ በቆየሁባቸው ዓመታት ከሰዎች አፍ ደጋግሜ የሰማሁት አቤቱታ «ተበላሸብኝ» የሚል ሳይሆን «ይንቀራፈፍብኛል» የሚል ነው። ተበርቶ እስኪከፈት ድረስ ሰው ተነሥቶ ሌላ ሥራ ሠርቶ ይመለሳል፤ አንድ የጽሑፍ ሰነድ ለመክፈት ደቂቃ ይፈጃል፤ አንዳንዴም ለጥቂት ሰከንዶች ድርቅ ብሎ ይቆምና እንደገና ይንቀሳቀሳል። ይህን አቤቱታ ይዞ ወደ ጥገና ቤት የሚሄድ ሰው በአብዛኛው የሚሰጠው መልስ «ፎርማት ይደረግ» የሚል ነው፤ ዲስኩ ባዶ ተደርጎ ዊንዶውስ እንደ አዲስ ይጫንበት ማለት ነው። ፎርማት ማድረግ የሚጠቅምበት ጊዜ አለ፤ ነገር ግን ሕመሙ ሳይመረመር ለሁሉም የሚታዘዝ መድኃኒት ሆኖ መቅረቱ ብዙ ቤተሰብ ጎድቷል።

የኛን ቤተሰብ ጎድቷል። ይህ ሥራ የእንጀራዬ ገበታ ከመሆኑ በፊት ታላቅ እኅቴ አንድ ላፕቶፕ ነበራት፤ በውስጡም የእናታችን የመጨረሻዎቹ ዓመታት ፎቶግራፎች ነበሩ። ላፕቶፑ ሲንቀራፈፍ ወደ አንድ ጥገና ቤት ወሰደችው፤ በማግሥቱ ፎርማት ተደርጎ፣ ባዶ ሆኖ ተመለሰ። በውስጡ የምትፈልጊው ነገር አለ ወይ ብሎ የጠየቃት ሰው አልነበረም። ከዚያ በላይ ያሳዘነን ደግሞ ሁለት ሳምንት ሳይሞላው ላፕቶፑ እንደቀድሞው መንቀራፈፍ መጀመሩ ነው፤ ችግሩ ከመጀመሪያውም ሊሞት የተቃረበ ሃርድ ዲስክ እንጂ የተዝረከረከ ዊንዶውስ አልነበረም። ዛሬ እዚህ የቆምኩት፣ እያንዳንዳችሁ ገንዘብ ከማውጣታችሁና ፋይል ከማጥፋታችሁ በፊት ኮምፒውተራችሁ ለምን እንደዘገየ ራሳችሁ ለይታችሁ እንድታውቁ ለመርዳት ነው።

አስቀድሜ አንድ ነገር ላስረዳ። ብዙ ሰው ኮምፒውተር እንደ በቅሎ ይደክማል ብሎ ያስባል፤ ነገሩ እንዲያ አይደለም። ከስምንት ዓመት በፊት የተገዛ ፕሮሰሰር፣ ማለትም የኮምፒውተሩን ስሌት የሚሠራው ክፍል፣ በተገዛበት ቀን በሰከንድ ይሠራው የነበረውን የስሌት ብዛት ዛሬም መሥራት ይችላል። ስለዚህ ኮምፒውተሩ ከቀድሞው ከዘገየ ወይ አንድ ነገር እየጠበቀ ነው፣ ወይ የሚያግደው ነገር አለ፣ ወይ ደግሞ ከቀድሞው የበዛ ሥራ ተጭኖበታል። የጥገና ጥበብ ዋናው ክፍል «ምን እየጠበቀ ነው?» የሚለውን ጥያቄ መመለስ ነው።

መጋላ ውስጥ ያለ አንድ ሱቅ በዓይነ ኅሊናችሁ ሳሉ። ሻጩ ፈጣን ነው፤ ይህ ፕሮሰሰሩ ነው። ፊት ለፊቱ ያለው ባንኮኒ ዕቃ ዘርግቶ የሚሸጥበት ቦታ ነው፤ ይህ ራም የምንለው ሜሞሪ ነው። ከሱቁ ጀርባ ደግሞ መጋዘን አለ፤ ይህ ዲስኩ ነው። ባንኮኒው ጠባብ ከሆነ ሻጩ አንዱን ዕቃ አንሥቶ ወደ መጋዘን ሳይመልስ ሌላውን መዘርጋት አይችልም። ወደ መጋዘኑ የሚላከው ልጅ ቀርፋፋ ከሆነ ሻጩ ምንም ያህል ቀልጣፋ ቢሆን ደንበኛው ቆሞ ይጠብቃል። የሱቁ ሙቀት ከበዛ ሻጩ ራሱ ይዝላል። ከዚህ በኋላ ከምናገረው አብዛኛው ከእነዚህ ሦስቱ ከአንዳቸው ጋር የተያያዘ ነው።

ዊንዶውስ የትኛው እንደሆነ የሚያሳይ መስኮት አለው፤ ስሙ ታስክ ማናጀር ነው። ኮንትሮል፣ ሺፍት እና ኤስኬፕ የሚባሉትን ቁልፎች በአንድነት ስትጫኑ ይከፈታል። ትንሽ ሆኖ ከተከፈተላችሁ ዝርዝሩን እንዲያሳይ ከታች ያለውን ቃል ንኩ። ከዚያ በኋላ ከላይ ፕሮሰሰሩ፣ ሜሞሪው፣ ዲስኩና ኔትወርኩ ምን ያህል በመቶ እንደተያዙ የሚነግሩ ዓምዶች ታያላችሁ። ኮምፒውተሩ በሚንቀራፈፍበት ሰዓት፣ ልብ በሉ፣ በሚንቀራፈፍበት በዚያው ሰዓት ይህን መስኮት ክፈቱና ዲስኩ 100 በመቶ ላይ ተሰቅሎ ፕሮሰሰሩ 10 ወይም 15 በመቶ ላይ መቀመጡን ካያችሁ ምርመራው አብቅቷል ማለት ይቻላል፤ ሻጩ ሥራ ፈትቶ መጋዘን የሄደውን ልጅ እየጠበቀ ነው። ሜሞሪው 90 በመቶ ካለፈ ባንኮኒው ጠቦታል። ፕሮሰሰሩ 100 በመቶ ከሆነ ከሥሩ የትኛው ፕሮግራም እንደያዘው ስሙ ተጽፎ ይገኛል። ሦስቱም ዝቅ ብለው ሳለ ድረ ገጽ ብቻ አልከፈት ካለ ግን ችግሩ ኢንተርኔቱ ነው፤ ኮምፒውተሩን ምንም ብታደርጉት አይፈጥንም። ይህን ሳይለዩ ሜሞሪ የገዙ ሰዎች አይቻለሁ።

አሁን ወደ ዲስኩ ልግባ። ከልምዴ እንደማውቀው በየቤታችን ያሉ የቆዩ ላፕቶፖች ዋና ደዌ ይህ ስለሆነ ረዘም አድርጌ እናገራለሁ።

ሃርድ ዲስክ በውስጡ የሚሽከረከር ሳሕንና በሳሕኑ ላይ ወዲያና ወዲህ የሚል ክንድ አለው። የላፕቶፕ ሃርድ ዲስክ በአብዛኛው በደቂቃ 5,400 ጊዜ ይዞራል፤ ይህም በሰከንድ 90 ዙር ነው። የሚፈለገው መረጃ ከክንዱ ጫፍ ሥር እስኪደርስ በአማካይ ግማሽ ዙር መጠበቅ ግድ ነው፤ ግማሽ ዙር ከአንድ ሰከንድ ሺህ ክፍሎች አምስት ተኩል ያህሉን ይወስዳል። ክንዱ ወደ ትክክለኛው መስመር እስኪንቀሳቀስ ድረስ ደግሞ አሥራ ሁለት ያህል ይጨመራል። ስለዚህ ዲስኩ በተለያየ ቦታ የተበታተኑ ጥቃቅን ፋይሎችን ሲያነብ በሰከንድ ከስድሳ ብዙም አያልፍም። ዊንዶውስ ሲነሣ የሚያነበው ደግሞ አንድ ትልቅ ፋይል ሳይሆን በየቦታው የተበተኑ በርካታ ትናንሽ ፋይሎች ናቸው። ለምሳሌ ያህል ስድስት ሺህ ጊዜ ማንበብ ቢያስፈልግ መቶ ሰከንድ ሙሉ ለዲስኩ ጥበቃ ብቻ ይውላል ማለት ነው።

ኤስ.ኤስ.ዲ. የሚባለው ዲስክ ግን የሚዞር ሳሕንም ሆነ የሚንቀሳቀስ ክንድ የለውም። መረጃው የተቀመጠው እንደ ፍላሽ በኤሌክትሮኒክስ ክፍሎች ላይ ስለሆነ አንዱን ፋይል ለማግኘት ከሰከንድ ሺህ ክፍሎች የአንዱ አሥረኛ ያህል ይበቃዋል። ቅድም መቶ ሰከንድ የፈጀው ስድስት ሺህ ንባብ እዚህ ላይ አንድ ሰከንድ አይሞላም። ሻጮች ኤስ.ኤስ.ዲ. በሰከንድ 500 ሜጋባይት ያነብባል እያሉ ያስተዋውቃሉ፤ እውነት ነው፣ ነገር ግን ኮምፒውተራችሁን የሚለውጠው ያ ቁጥር ሳይሆን አሁን የነገርኳችሁ የጥቃቅኑ ንባብ ፍጥነት ነው። ስለዚህ ተራ በሚባለው ኤስ.ኤስ.ዲ. እና እጅግ ፈጣን በሚባለው መካከል ያለውን ልዩነት በቤት ሥራ ላይ ብዙም አትለዩትም፤ ከሃርድ ዲስክ ወደ ማናቸውም ደኅና ኤስ.ኤስ.ዲ. የሚደረገውን ሽግግር ግን ሕፃን ልጅም ይለየዋል። ያላችሁ ገንዘብ ለአንድ ነገር ብቻ የሚበቃ ከሆነና ኮምፒውተራችሁ እስካሁን በሃርድ ዲስክ የሚሠራ ከሆነ ገንዘቡን እዚህ ላይ አውሉት።

እዚሁ ከተማችን ውስጥ ወዳለው ታይዋን ገበያ ወርዳችሁ ስትገዙ መጠኑ 240 ወይም 256 ጊጋባይት ቢሆን ለአብዛኛው ቤተሰብ ይበቃል፤ የቆዩ ላፕቶፖች የሚቀበሉት ሁለት ነጥብ አምስት ኢንች የሚባለውን ጠፍጣፋ ዓይነት ነው፤ አዳዲሶቹ ደግሞ እንደ ማስቲካ ቅጠል የቀጠነውን ኤም ነጥብ ሁለት የሚባለውን ሊቀበሉ ይችላሉ። ከመግዛታችሁ በፊት የትኛውን እንደሚቀበል ክዳኑን አስከፍታችሁ አረጋግጡ። በየትኛውም የዓለም ገበያ ላይ ደግሞ ብዙ ጊጋ የሚል ወረቀት የተለጠፈባቸው፣ ውስጣቸው ግን ከዚያ እጅግ ያነሰ ዲስኮችና ፍላሾች ይሸጣሉ፤ ኮምፒውተሩ ሲያያቸው ሙሉ መጠኑን ያሳያሉ፣ ከእውነተኛው መጠናቸው በላይ የተጻፈባቸው ፋይል ግን ጠፍቶ ይቀራል። ዋጋው ከሌሎቹ በጣም የረከሰ ዲስክ ካጋጠማችሁ፣ ዕቃው መመለስ በሚቻልበት ጊዜ ውስጥ ኤች ቱ ቴስት ደብሊው በሚባለው ነፃ ፕሮግራም ከዳር እስከ ዳር ሞልታችሁ ፈትሹት።

ዲስክ ሲቀየር ፋይሎች አይጠፉም። አሮጌው ዲስክ ጤነኛ እስከሆነ ድረስ ዊንዶውሱን፣ ፕሮግራሞቹንና ፎቶዎቹን እንዳሉ ወደ አዲሱ ማባዛት ይቻላል፤ ባለሙያዎች ክሎን ማድረግ ይሉታል። ባለሙያው የግድ ከባዶ እጀምራለሁ ካላችሁ አሮጌውን ዲስክ ሳይነካው አውጥቶ እንዲሰጣችሁ ጠይቁት፤ የናንተ ንብረት ነው። የዲቪዲ ማጫወቻ ያለው ላፕቶፕ ከሆነ ደግሞ ዲቪዲውን አስወጥቶ በምትኩ ካዲ በሚባል መያዣ አሮጌውን ዲስክ ማስገባት ይቻላል፤ ዊንዶውሱ በፈጣኑ ላይ፣ ፎቶና ቪዲዮው በሰፊው ላይ ይቀመጣል።

አሮጌው ዲስክ ጤነኛ ካልሆነስ? መብራት እየመጣ በሚሄድበት ከተማ ዲስክ በመጻፍ ላይ እያለ ኃይል ይቋረጥበታል፤ ባትሪው የሞተ ላፕቶፕና ዩ.ፒ.ኤስ. የሚባለው መብራት ሲጠፋ ለጥቂት ጊዜ ኃይል የሚሰጥ መሣሪያ የሌለው ዴስክቶፕ በተለይ ለዚህ ይጋለጣሉ። እንዲህ ያለው መቋረጥ የፋይል ሥርዓቱን ያበላሻል። ዲስኩ ራሱ ሲያረጅ ወይም ሲወድቅ ደግሞ አንዳንድ ቦታዎቹ የማይነበቡ ይሆናሉ። ዲስኩ የማይነበብ ቦታ ሲያጋጥመው ቶሎ ተስፋ አይቆርጥም፤ ደጋግሞ ይሞክራል፣ በዚያ መካከል ኮምፒውተሩ ሁሉ ደርቆ ይቆማል። የመዳፊቱ ቀስት እየተንቀሳቀሰ ሌላው ሁሉ ለብዙ ሰከንዶች ቀጥ ብሎ ከቆመና ምንም እንዳልተፈጠረ ከተመለሰ፣ ወይም ዲስኩ ጠቅ ጠቅ የሚል ድምፅ ካሰማ፣ ያ የመዘግየት ምልክት ሳይሆን የሞት ምልክት ነው። ክሪስታል ዲስክ ኢንፎ የሚባል ነፃ ፕሮግራም ዲስኩ ስለ ራሱ የመዘገበውን የጤና መረጃ ያሳያል፤ ቢጫ ወይም ቀይ ካሳያችሁ ሌላውን ሁሉ ትታችሁ በዚያው ቀን ፎቶዎቻችሁን ወደ ሌላ ዲስክ ገልብጡ። እንዲህ ባለ ዲስክ ላይ ፎርማት ማድረግ የኛን ቤት ያገኘው ስሕተት ነው።

ሁለተኛው ሰፊ ጉዳይ ሙቀት ነው፤ ይህ ከሌላ ከተማ ሰው ይልቅ እኛን ይመለከተናል።

ከሐረማያ ዩኒቨርሲቲ ለእረፍት የመጣ አንድ ተማሪ ላፕቶፑን አምጥቶ «እዚያ ሆኜ ምንም አይለውም፤ ድሬ ስመጣ ይንቀራፈፋል፤ ያውም ከቀኑ ስምንት ሰዓት በኋላ ነው» አለኝ። ቫይረስ እንዳለው ተነግሮት ሁለት ጊዜ ፎርማት አስደርጎ ነበር። ከፍቼ ሳየው በፋኑና በማቀዝቀዣው መዳብ መካከል አቧራው እንደ ጨርቅ ተነጥፎ ነበር። ድሬዳዋ ከባሕር ወለል በላይ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ስትሆን ሐረማያ ደግሞ 2,000 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ የአየሩ ልዩነት ለሰው እንደሚሰማው ሁሉ ለፕሮሰሰሩም ይሰማዋል።

ስሌቱ ቀላል ነው። አንድ ፕሮሰሰር በአንድ ዓይነት ሥራ ላይ ሳለ በዙሪያው ካለው አየር የሚበልጥበት ሙቀት ብዙም አይለዋወጥም። አቧራ የዘጋው ላፕቶፕ ከክፍሉ አየር በ65 ዲግሪ ይበልጣል እንበል። ክፍሉ 20 ዲግሪ ሲሆን ፕሮሰሰሩ 85 ላይ ይቀመጣል፤ ሥራውን ይሠራል። በግንቦት ቀትር ክፍሉ 35 ዲግሪ ሲደርስ ግን ፕሮሰሰሩ 100 ላይ ይደርሳል፤ ብዙ የላፕቶፕ ፕሮሰሰሮች ደግሞ ራሳቸውን ከቃጠሎ ለማዳን ፍጥነታቸውን መቀነስ የሚጀምሩት እዚያ አካባቢ ነው። ቅድም «የሚያግደው ነገር አለ» ያልኳችሁ ይህ ነው። በታስክ ማናጀር ውስጥ ስለ ፕሮሰሰሩ ብቻ የሚናገረውን ገጽ ብትከፍቱ ፍጥነቱ በጊጋ ኸርዝ ተጽፎ ይታያል፤ ሥራ በዝቶበት ሳለ ፍጥነቱ ከተጻፈው መነሻ ፍጥነት በጣም ወርዶ ከተገኘና ፋኑ እየጮኸ ከሆነ የምትጠረጥሩት ሙቀትን ነው።

ፋኑ ሳይጮኽ፣ ላፕቶፑም ሳይሞቅ ፍጥነቱ ዝቅ ብሎ ከቀረ ግን ቻርጀሩን ተመልከቱ። አንዳንድ ላፕቶፖች የማያውቁት ወይም ኃይሉ ያነሰ ቻርጀር ሲሰካባቸው ሆን ብለው ፍጥነታቸውን ይቀንሳሉ። ይህን የሚያስተውል ሰው ጥቂት ስለሆነ በዚህ ምክንያት ብቻ ጤነኛ ላፕቶፕ የተሸጠ ይኖራል ብዬ እሰጋለሁ።

ወደ አቧራው ልመለስ። ማጽዳቱ ከባድ ሥራ ባይሆንም ጥንቃቄ ይጠይቃል። ላፕቶፑን ጎሚስታ ጋ ወስዶ በኮምፕረሰር ማስነፋት የተለመደ ሆኗል፤ እባካችሁ ይህን አታድርጉ። የኮምፕረሰር አየር ግፊቱ ከመጠን በላይ ከመሆኑም በላይ በጋኑ ውስጥ የተጠራቀመ ውሃ ይዞ ይወጣል፤ ፋኑንም ከአቅሙ በላይ አሽከርክሮ ይሰብረዋል። ኃይሉን አጥፍታችሁ፣ ክዳኑን በትክክለኛው ብሎን መፍቻ ከፍታችሁ፣ ፋኑን በጣት ወይም በእንጨት ይዛችሁ በለስላሳ ብሩሽ ማጽዳት ይበቃል። በፕሮሰሰሩና በመዳቡ መካከል የሚቀባው ፔስት ደግሞ በዓመታት ውስጥ ይደርቃል፤ የቆየውን በአልኮል ጠርጎ የአተር ፍሬ የምታክል አዲስ ማድረግ ለብዙ ላፕቶፖች ትልቅ ለውጥ ያመጣል። ይህን በእጃችሁ ካልለመዳችሁት ለባለሙያ ስጡ፤ ነገር ግን ምን እንዲሠራላችሁ እንደምትፈልጉ በስሙ ጠርታችሁ ጠይቁት።

አንድ ወጪ የሌለው ነገርም አለ። በብዙ ቤቶች ከሰዓት በኋላ ላፕቶፑ የሚቀመጠው በፍራሽ ወይም በመከዳ ላይ ነው። አብዛኞቹ ላፕቶፖች አየር የሚስቡት ከሥራቸው ስለሆነ ፍራሽ ላይ ማስቀመጥ አፋቸውን እንደ መክደን ነው። ጠንካራ ጣውላ ወይም ትሪ ከሥሩ አድርጉለት፤ ከኋላው በኩል ደግሞ ሁለት የውሃ ፕላስቲክ ክዳኖች ከሥሩ ብታስገቡ አየር ይገባለታል። ዴስክቶፕ ያላችሁ ሰዎች ሳጥኑን ከወለሉ ከፍ አድርጉት፤ አቧራው የሚከማቸው ከታች ነው።

ሜሞሪን በሚመለከት ብዙ አልናገርም። 64 ቢት ዊንዶውስ 10 ምንም ሳይሠራ ብቻውን ሁለት ጊጋባይት ያህል ይወስዳል፤ ባለ 4 ጊጋባይት ኮምፒውተር ላይ የኢንተርኔት አሳሽ ከፍታችሁ አሥር ገጽ ስትዘረጉ ባንኮኒው ይሞላና ትርፉ ወደ ዲስክ መመላለስ ይጀምራል። 8 ጊጋባይት ለቤት ሥራ ይበቃል። ስትገዙ ዲ.ዲ.አር. ሦስት እና ዲ.ዲ.አር. አራት የሚባሉት የሜሞሪ ዓይነቶች እርስ በርሳቸው እንደማይገጥሙ፣ የላፕቶፕና የዴስክቶፕ መጠንም የተለያየ እንደሆነ አስታውሱ፤ የድሮውን አውጥቶ ይዞ መሄድ ከስሕተት ያድናል። አንዳንድ ስስ ላፕቶፖች ሜሞሪያቸው ከቦርዱ ጋር የተበየደ ስለሆነ አይጨመርላቸውም። ዊንዶውሳችሁ 32 ቢት የሚባለው የቆየ ዓይነት ከሆነ ደግሞ ከ4 ጊጋባይት በላይ ብትጨምሩም አይጠቀምበትም።

ከሃርድዌሩ ባሻገር የተጫነውን ሥራ መቀነስ አለ። በታስክ ማናጀር ውስጥ ስታርታፕ የሚባለውን ዝርዝር ክፈቱ፤ ኮምፒውተሩ ሲበራ ሳይጠሩ የሚነሡ ፕሮግራሞች ተደርድረው ይታያሉ። በየቀኑ የማትጠቀሙበትን ዲስኤብል ማድረግ ፕሮግራሙን አያጠፋውም፤ እስክትጠሩት እንዲቆይ ብቻ ያደርገዋል። የአማርኛ መጻፊያችሁን ግን ባታጠፉት ይሻላል፤ «ግዕዝ መጻፍ አቃተኝ» ብላችሁ ሌላ ጭንቀት ውስጥ ትገባላችሁ። ሁለት አንቲቫይረስ በአንድ ላይ መጫን ጥበቃውን እጥፍ አያደርገውም፤ ሁለት ዘበኞች እያንዳንዱን ዕቃ በየተራ እንደሚፈትሹበት በር ነው የሚሆነው። በዊንዶውስ 10 ውስጥ ያለው የራሱ ጠባቂ ለቤት ይበቃል።

ቫይረስን በሚመለከት ከተማችን ውስጥ ብዙ የማየው ፎልደሮችን ሾርትከት ወደሚባል መጠቆሚያ ምልክት የሚቀይረውን ነው። ከፎቶ ኮፒ ቤት፣ ከኢንተርኔት ቤት፣ ከትምህርት ቤት በፍላሽ ይመጣል። በዚህ የተያዘ ፍላሽ ላይ ፋይሎቹ አልጠፉም፤ ተደብቀዋል። ስለዚህ ፍላሹን በድንጋጤ ፎርማት አታድርጉት፤ የተደበቁ ፋይሎች እንዲታዩ አድርጋችሁ በንጹሕ ኮምፒውተር ላይ አውጧቸው። ከዚህ የከፋው ክራክ ከተደረጉ፣ ማለትም ሳይከፈልባቸው እንዲሠሩ ቁልፋቸው ከተሰበረ ፕሮግራሞች ጋር አብሮ የሚገባው ነው፤ ከእነዚህ መካከል ፕሮሰሰራችሁን ሌሊትና ቀን ለሌላ ሰው ዲጂታል ገንዘብ ማስሊያ የሚያውሉ አሉ። ምንም ሳትከፍቱ ፕሮሰሰሩ ሁልጊዜ ከፍ ብሎ ከተገኘ ይህን ጠርጥሩ። «ኮምፒውተርዎን በአንድ ጊዜ እናፍጥንልዎ» የሚሉ ማጽጃ ፕሮግራሞችን ደግሞ ጨርሶ አትጫኑ፤ የዊንዶውስን መዝገብ እናጸዳለን የሚሉት የሚያተርፉት ፍጥነት የለም፤ የሚያበላሹት ነገር ግን አለ። የተበታተኑ ፋይሎችን አንድ ላይ የሚሰበስበው ዲፍራግ የሚባለውም ለሃርድ ዲስክ እንጂ ለኤስ.ኤስ.ዲ. አያስፈልግም።

በዚህ ላይ አንድ መምህር «ኮምፒውተሬን በየማታው አጠፋዋለሁ፤ ታዲያ ለምን ሪስታርት አድርግ ይሉኛል?» ብለው ጠየቁ። መልካም ጥያቄ ነው። ዊንዶውስ እ.ኤ.አ. በ2012 ከወጣው ስምንተኛው ጀምሮ ሲጠፋ ሙሉ በሙሉ አይጠፋም፤ በማግሥቱ ቶሎ ለመነሣት የውስጡን ሁኔታ ዲስክ ላይ አስቀምጦ ይተኛል። ስለዚህ የተከማቸው ችግር አብሮት ይተኛና አብሮት ይነሣል። ሪስታርት ሲደረግ ግን ከባዶ ይጀምራል። በሳምንት አንድ ጊዜ ማድረግ ይበቃል።

ሌላ ተሳታፊ ስለ ዊንዶውስ 11 ጠየቁ። ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 የሚሰጠውን መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አቁሟል፤ ዊንዶውስ 11 ደግሞ ቲ.ፒ.ኤም. 2.0 የሚባል የደኅንነት ክፍልና በአብዛኛው ከስምንተኛው ትውልድ ወዲህ ያለ የኢንቴል ፕሮሰሰር ይጠይቃል። በየቤታችን ካሉት ላፕቶፖች ብዙዎቹ ይህን አያሟሉም። በግድ ከመጫን ይልቅ ለደብዳቤ፣ ለኢንተርኔትና ለልጆች ትምህርት ብቻ የሚያገለግል አሮጌ ላፕቶፕ ላይ በዊንዶውስ ፋንታ የሚጫነውን ሊኑክስ ሚንት ኤክስ.ኤፍ.ሲ.ኢ. የሚባለውን ነፃ ሥርዓት ብትሞክሩ ደስ ይለኛል፤ አራት ጊጋባይት ሜሞሪ ላይ በደንብ ይሠራል፣ አማርኛም ይጻፍበታል። ሳይጫን ከፍላሽ ላይ ተነሥቶ ስለሚሞከር ካልወደዳችሁት ፍላሹን መንቀል ብቻ ነው። የሒሳብ መዝገብ ወይም ሌላ በዊንዶውስ ብቻ የሚሠራ ፕሮግራም ላላችሁ ግን አይሆናችሁም።

በመጨረሻ ከኋላ የተቀመጡ አንዲት እናት እጃቸውን አውጥተው፣ የልጃቸው ላፕቶፕ ከአራት ቀን በፊት ፎርማት መደረጉንና የልጃቸው የሠርግ ፎቶ በውስጡ እንደነበረ ተናገሩ። «አሁን ተስፋ የለውም አይደል ልጄ?» አሉኝ።

ሊኖረው ይችላል፣ እናቴ። በአብዛኛው የሚደረገው ፈጣኑ ፎርማት መዝገቡን እንጂ ዕቃውን አያጠፋም፤ ፋይሎቹ ዲስኩ ላይ አሉ፣ ቦታቸው ግን «ባዶ ነው» ተብሎ ተመዝግቧል። አዲሱ ዊንዶውስ ሲጫን የተወሰነውን ቦታ ጽፎበታል፤ ከዚያ ውጭ ያለው ግን ሌላ ነገር እስኪጻፍበት ድረስ ይቆያል፤ ፎቶሬክ የሚባል ነፃ ፕሮግራምም ከዚያ ውስጥ ፎቶዎችን ለቅሞ ወደ ሌላ ዲስክ ማውጣት ይችላል። ይህ ለሃርድ ዲስክ ነው፤ ኤስ.ኤስ.ዲ. ከሆነ ግን ፎርማት ሲደረግ ባዶ የተባለውን ቦታ ራሱ ስለሚጠርግ ተስፋው እጅግ ያንሳል። ላፕቶፑ ስምንት ዓመቱ ነው ስላሉኝ ሃርድ ዲስክ ሳይሆን አይቀርም። ላፕቶፑ በበራ ቁጥር ዊንዶውስ በዚያ ባዶ በተባለው ቦታ ላይ ይጽፋል፤ እኅቴና እኔ ይህን የሚነግረን ሰው አጥተን ለሁለት ሳምንት ስንጠቀምበት ነበር። አሁኑኑ ለልጅዎ ይደውሉላትና ታጥፋው፤ ከዚያም ለፎቶ ፍለጋ ብላ እንኳ እንዳታበራው። ዲስኩን ከሌላ ኮምፒውተር ጋር አያይዘን እንድናየው ሰኞ ጠዋት እንደጠፋ ይዛችሁልኝ ኑ።